ከበር የመለስኩት ደብዳቤ

ማክሰኞ

አይደለም! ለልጄ ጉልበት ፈርቼ አይደለም። ማንም አልጠየቀኝም፣ አውቃለሁ። ግን እራት ላይ ሁሉም እንደዚያ እያሰቡ ነበር የሚያዩኝ። ልጄ ሰይድም፣ ሚስቱ ረውዳም፣ ልጃቸው ሂክማ እንኳን ሳትቀር። አሥራ አንድ ዓመት ያልሞላት ልጅ ሹካዋን ይዛ «እማማ ኢዝ ስኬርድ» ትላለች፣ ፈርታለች ማለቷ ነው። ስኬርድሽን ተይና ምስርሽን ብይ አልኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰይድ አርባ ዓመቱ ነው። ከከተማው ዳር፣ ክሬጊበርን፣ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት፣ ያን የዕቃ ማንሻ መኪና፣ ይነዳል። ድሮ ግን ኳስ ተጫዋች ነበር፣ አጥቂ፣ የጀርመኖቹ ክለብ ውስጥ። ክለቡን የመሠረቱት ከዓለም ጦርነቱ በኋላ ወደዚህ አገር በመርከብ የመጡ ጀርመኖች ናቸው። ሜዳቸው እዚሁ ከሰፈራችን ከፉትስክሬይ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ዛሬ ከሽማግሌዎቹ የቀሩት ጥቂት ናቸው፣ ልጆቻቸው ተበትነዋል፣ ክለቡም ከሁሉም በታች ቁጭ ብሏል። ቅዳሜ የመጨረሻው ጨዋታ ነው። ካላሸነፉ ይወርዳሉ። ከወረዱ ደግሞ ይዘጋል እየተባለ ነው።

የድሮ አሠልጣኙ ጋሽ ቨርነር ታመው ሆስፒታል ተኝተዋል። ከአልጋቸው ላይ ሆነው ደወሉና «ሰይድ፣ አጥቂ የለንም፣ ለአንድ ቀን ብቻ ና» አሉት። እሺ አለ። ስልኩን ዘጋና ጋራዥ ገብቶ ታኬታውን ይዞ ወጣ። ሸረሪት አድርቶበታል። አራገፈው፣ አጠለቀው፣ ኮሪደሩ ላይ ቀጭ ቀጭ እያደረገ እንደ ሕፃን ሳቀ።

ሲስቅ ሳየው ፊቴን አዞርኩ። «ምነው እማ?» አለኝ።

«ጉልበትህ» አልኩት።

ዋሸሁ። እኔ የምፈራው የጋሽ ቨርነርን አፍ ነው። እሳቸውና እኔ ብቻ የምናውቀው ነገር አለ። መሄጃው የቀረበ ሰው ደግሞ አፉ ይፈታል።

ረቡዕ

ሰይድ ከሥራ መጥቶ ፓርኩን ሦስት ጊዜ ዞረ። ሄዶ የመጣው ሌላ ሰው ነው። በቀኝ እግሩ ያነክሳል፣ ለኛ አላነክስም ይላል። ሶፋው ላይ ተዘርግቶ የበረዶ አተሩን ከነፌስታሉ ጉልበቱ ላይ ጫነ። ያ ለነገ ወጥ ያሰብኩት አተር ነው። ረውዳ «አተሩ ከቀለጠ አንተን ነው የምንሠራው» አለችው። ሳቅን። ደግ ሳቅ ነበር፣ እኔ ላይ ግን አልቆየም።

በይ እንግዲህ ጻፊው። ሂክማ ይሄን ድመት ያለበት ደብተር ስትሰጠኝ ያለፈውን ሁሉ ጻፊ ብላኛለች። እኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝ፣ ከተሳሳትኩም የሚያርመኝ የለም።

አሥራ ሰባት ዓመት ሆነው። ሰይድ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ዳንደኖንግ ሥጋ ፋብሪካ የሌሊት ሺፍት ይሠራል፣ ቀን ይተኛል፣ ማታ ልምምድ፣ ቅዳሜ ጨዋታ። ጋሽ ቨርነር እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩት። እንግዳ ሆነን እንደመጣን ፍራሽ በመኪናቸው ጭነው ያመጡልን እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን «ጀርመን አገር ተወልጄ ላደግሁበት ከተማ ክለብ ስላንተ ጽፌያለሁ» አሉት። ልጄ ከዚያ ወዲያ የፖስታ ሳጥኑን ሲያይ ነው የሚውለው።

መልሱ መጣ። የመጣው ግን ለሳቸው ነው። እኩለ ቀን ላይ ኮፍያቸውን አውልቀው በራችን ላይ ቆሙ፣ ፖስታው በእጃቸው። ሰይድ ውስጥ ተኝቷል። «ለሁለት ወር እንየው ብለዋል፣ ሁለት ወር ብቻ» አሉኝ።

ሁለት ወር። ይሄን ቃል ባይሉ ኖሮ ምናልባት... እንጃ።

የበኩር ልጄ ሙሄ ከደሴ ሲወጣ እንደዚሁ በር ላይ ቆሞ «ሁለት ወር ብቻ እማ፣ ጅዳ ሠርቼ እመለሳለሁ» ብሎ ጉንጬን ሳመኝ። ባሕር በላው ያሉ አሉ፣ በረሃ ያሉም አሉ። የማለቅስበት መቃብር እንኳን የለኝም።

እና በሩን ይዤ «ሰይድ አይፈልግም» አልኳቸው። «እምቢ ብሏል። እርስዎን ስለሚያፍር ነው ያልነገረዎት። እባክዎ እንዳይጠይቁት።» ተመልከቱልኝ፣ ውሸቴን አስሬ ቋጠሮውንም አጠበቅኩት። ሰውዬው ትንሽ አዩኝ። ፖስታውን ኮታቸው ውስጥ ከተቱ። ኮፍያቸውን አደረጉ። ሄዱ።

ሰይድ «ጀርመኖቹ መልስ ሰጡ ወይ?» እያለ ለሳምንታት ጠየቀኝ፣ እሳቸውን ለመጠየቅ ኩራቱ አልፈቀደለትም። ከዚያ መጠየቁን ተወ። «ጋሽ ቨርነር አይተው አይተው አልበቃኸኝም ብለው ነው» አለ አንድ ቀን። እኔም እንደዚያ እንዳሰበ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት ተጫውቶላቸዋል፣ ጎል አግብቶላቸዋል፣ ግን ያ የድሮው ጥጋብ አልተመለሰም። ሂክማ ስትወለድ ተወው።

ዛሬ አልበቃኸኝም ብለውኛል ብሎ ለሚያስባቸው ሰው ነው በረዶ ተሸክሞ ጉልበቱን የሚያክመው። እኔ እናቱ ደግሞ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።

ሐሙስ

ሆስፒታል ሄድኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ሁለት አውቶቡስ፣ አጥሚት በፔርሙስ።

ጋሽ ቨርነር አልጋው ውጧቸዋል። ያ የበር ያህል ሰው! እጃቸው ላይ ቱቦ አለ። ሲያዩኝ ግን ገና ከበሩ ሳቁ። ሁለታችንም እንግሊዝኛችን ሰባራ ነው፣ ሰባራና ሰባራ ደግሞ ይግባባል። በእንግሊዝኛ አንቱ የለም፣ እኔ ግን በልቤ አንቱ እያልኩ ነው የማናግራቸው።

አጥሚቱን ቀመሱና «ይሄ ሲሚንቶ ነው» አሉ።

«ጉልበት ይሰጣል» አልኳቸው።

«ታዲያ ለሰይድ ስጪው።»

ሳቅን። ከዚያ «ነገርሽው?» አሉኝ።

«አልነገርኩትም።»

«እኔም አልነገርኩትም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ የነገሩኝ ይሄን ነው። መጀመሪያ ሰይድን ተቀይመውት ነበር። በኋላ ሜዳ ላይ አዩት። «ይሄ ልጅ እምቢ የሚል ልጅ አይደለም። እንደዋሸሽኝ ያኔ ገባኝ» አሉ። ታዲያ ለምን ዝም አሉ? አልኳቸው። ወደ መስኮቱ ዞሩ። «እኔ እናቴን ወደብ ላይ ተሰናብቼ መርከብ ገባሁ። ሁለተኛ አላየኋትም። ከእናቶች መሃል አንዷ እንኳን ልጇን ታስቀር አልኩ።»

አለቀስኩ። በቱቦው እጃቸው እጄን ያዙኝ። በኛ ዘንድ የሰው ሐቅ ይዞ መሞት ከባድ ነው፣ አላህ የራሱን ይምራል፣ የሰውን ግን ባለቤቱ ነው የሚምረው። እና «አፉ በሉኝ» አልኳቸው። እንዴት ብዬ በእንግሊዝኛ እንዳስረዳኋቸው እኔም አላውቅ፣ በዚህም ዓለም በወዲያኛውም ይቅር በሉኝ አልኩ መሰለኝ።

«እኔ ይቅር ብያለሁ። ግን የተበደለው እኔ አይደለሁም» አሉ።

ልወጣ ስል «ቅዳሜ ከጨዋታው በኋላ እኔ ጋ ይመጣል» አሉኝ። «ችሎታውን ያላየሁለት መስሎት እንዲቀር አልፈልግም። ካንቺ ቢሰማው ይሻላል። ካልሆነ እኔ እነግረዋለሁ።»

ሲሚንቶውን ጠጥተው ጨርሰውታል። ባዶ ፔርሙስ ይዤ ተመለስኩ።

ጁምዓ

መስጊድ ሄጄ ዱዓ አደረግሁ። መልሱን ሳውቀው ምን ብዬ እንደምለምን ጠፋኝ።

ዛሬ ለሰይድ ልነግረው ተነስቼ በምትኩ ያደረግሁት፦

መጋረጃ አጠብኩ። ንጹህ ነበር።

ጎረቤቴን ስለ ቆሻሻ ሳጥኗ ተጣላኋት። ሳጥኑ የኔ ነበር።

ለሂክማ ሁለት ጊዜ ምሳ ሰጠኋት።

ሰይድ ታኬታውን ቅባት እየቀባ ነበር፣ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አፌን ከፈትኩ። እሱ ቀደመኝ። «እማ፣ ጋሽ ቨርነር በስልክ ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? ካንተ ሌላ የምጠራው ሰው የለኝም አሉ። ያኔ እንዲህ ቢሉኝ ኖሮ...» ቀሪውን ዋጠው። ታኬታውን ገለበጠና ሌላኛውን ጎን መቀባት ጀመረ።

እኔ ምን አልኩ? «እራትህ ይቀዘቅዛል» አልኩ። ምላሴ ለሰፈሩ ሁሉ ይበቃል፣ ለልጄ ግን እራትህ ይቀዘቅዛል!

ይሄን ደብተር ትራሱ ላይ ልተውለት አሰብኩ። አማርኛ ያነባል። አይ። አንድ ጊዜ ወረቀት ደብቄበታለሁ፣ አሁን ደግሞ ወረቀት ኋላ አልደበቅም።

ቅዳሜ

ዝናብ፣ ንፋስ፣ ጭቃ። ሜዳ ከሄድኩ ስንት ዓመቴ! ከጀርመኖቹ የቀሩት ሁሉ በዕድሜ እኔን የሚያህሉ ናቸው። አንዷ ባልቴት ብርድ ልብሷን ግማሹን እግሬ ላይ ጣለችልኝ። አንተዋወቅም።

አንድ ለባዶ ተመሩ። ሰይድ ሠላሳ ደቂቃ ሲቀር ተቀይሮ ገባ። የወዲያኛዎቹ ልጆች «ግራንድፓ!» ይሉታል፣ አያቴ ማለታቸው ነው። «አንተም ታረጃለህ፣ ያኔ አያቴ ሲሉህ ታየዋለህ!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። ባልቴቲቱ አጨበጨበችልኝ፣ ምን እንዳልኩ ሳታውቅ።

ኮርና ተመታ። ሁሉም ሲዘሉ እሱ አልዘለለም፣ መዝለያው የታለ! ኳሷ የምትወርድበት ቦታ ሄዶ ጠበቃት። በቴስታ። ጎል! እኔ መነሳቴን ያወቅኩት ብርድ ልብሱ ጭቃ ውስጥ ወድቆ ሳየው ነው። የአርባ ዓመት ልጄ፣ ሆዴ!

ግን አንድ ለአንድ አይበቃም። መጨረሻ ላይ ብቻውን ከበረኛው ጋር ተገናኘ። ሊመታ ሲል ጉልበቱ ከዳው። ኳሷ እንደ ልጅ ኳስ ተንከባላ በረኛው እጅ ገባች። ዳኛው ነፋ። ወረዱ።

ሽማግሌዎቹ ቆመው አጨበጨቡለት። አንዱ የክለባቸውን ባንዲራ ልክ እንደ አንሶላ ጥግ በጥግ አድርጎ ያጥፍ ነበር። እሱን ማየት ነው ያቃተኝ።

ለጋሽ ቨርነር ልንነግር በመኪና ጉዞ ጀመርን። ሰይድ ከነጭቃው ነው የሚነዳው። «ምን ልበላቸው እማ? ያኔም አልበቃኋቸው፣ ዛሬም አልበቃሁ» አለ።

የባቡር ማቋረጫው ላይ ደወሉ ጮኸ፣ መንገዱን የሚዘጋው እንጨት ወረደ፣ ቆምን።

«በቅተህ ነበር» አልኩት።

ባቡሩ እስኪያልፍ ነገርኩት። ደብዳቤውን፣ በሩን፣ ሙሄን። ረጅም ባቡር አልነበረም።

እንጨቱ ተነሳ፣ እሱ አልነዳም። ኋላ ያሉት ጡሩምባ ነፉ። «ሁለት ወር?» አለ። ይችኑ ብቻ። ወደ እኔ አልዞረም። «አፉ በለኝ ልጄ» አልኩት። መኪናውን አዙሮ ቤት አደረሰኝ። ወርዶ በሩን ከፈተልኝ፣ ክንዴን ይዞ አወረደኝ፣ «ግቢ፣ ብርድ ነው» አለኝ። እያነከሰ ተመልሶ ገባና ወደ ሆስፒታሉ ብቻውን ሄደ።

ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ያ ክንዴን የያዘበት አያያዝ ነው የገደለኝ።

እሑድ

ሳይመጣ አደረ።

ረውዳ ጠዋት ደወለችለት። ከሷ ያገኘሁት ይሄን ነው፦ ደህና ነው። ጋሽ ቨርነር አጠገብ ወንበር ላይ ነው ያደረው። ጉልበቱ አብጧል፣ ነርሷ አስራለታለች። ጋሽ ቨርነር የክለቡን መውረድ ሲሰሙ «ጎሉን ማን ነው ያገባው?» ብለው ጠየቁ። እሱ ሲነግራቸው አይናቸውን ጨፍነው ሳቁ።

«ስለ እኔስ?» አልኳት።

«ስላንቺ ምንም አላለም እማ። አብሽሪ፣ ይመጣል» አለችኝና ሥራዋ ሄደች። ምን እንደተፈጠረ አልጠየቀችኝም፣ አላህ ይስጣት።

መስኮት ሥር ተቀመጥኩ። ሙሄ ከሄደ በኋላም እንደዚህ መስኮት ሥር ነበር የምቀመጠው። ያኔ ልጄ ምን ሆኖ ይሆን ነበር ጭንቀቴ። ዛሬ የት እንዳለ አውቃለሁ፣ በሕይወት እንዳለ አውቃለሁ፣ ጉልበቱን ማን እንዳሰረለት ሳይቀር አውቃለሁ። ለካ ልጅ የት እንዳለ እየታወቀም ይጠፋል።

ሰይድ ያኔ ቢሄድ ኖሮስ? ይመለስ ነበር ይሆናል። ባይመለስም በሕይወት ይኖር ነበር ይሆናል። ግን ረውዳ የለችም፣ ሂክማ የለችም። ይሄን ለራሴ ማመካኛ ላደርገው ሞከርኩ። አልሆነም። ሂክማን የሰጠኝ አላህ ነው፣ እኔ የሰጠሁት ውሸት ነው።

ቢመጣ ምን እለዋለሁ? ወላሂ ምንም። ይበለኝ ያሻውን። እኔ ዛሬ...

በር ተንኳኳ።

ሂክማ ከፍታ መጥታ ኮሪደሩ ላይ ትጮሃለች። «እማማ! ዳድ ነው!» ታዲያ ይግባ በይው አልኳት። «አልገባም አለ። በሩ ላይ ቆሟል። የሆነ አሮጌ ፖስታ ይዟል። አንቺ ነይ ይልሻል።»

ያ ፖስታ! ጋሽ ቨርነር እስካሁን አስቀምጠውት ኖሯል። ቁልፍ እኮ አለው። ኪሱ ውስጥ ነው ቁልፉ።

ሻሼ የት ነው። መጣሁ በይው ሂክማ፣ እንዳይሄድ፣ መጣሁ።