የሳና ንባብና የእናቷ ቋንቋ

ይድረስ ለምወድሽ ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ሉባባ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ጋሽ እንድሪስስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የሐይቅ ብርድ ካስቸገረሽ ወዲህ ብቅ በይ፤ እዚህ ሙቀቱም ማንጎውም ተርፎናል። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ዝናቡም ጥሎልን በቆሎውን ዘርተናል።

ባለፈው በስልክ ሳና ማንበብ ጀመረች ወይ ብለሽ ስትጠይቂኝ መስመሩ ተቋረጠና ሳልነግርሽ ቀረሁ። አሁን ረጋ ብዬ ልንገርሽ። ልጄ ወሬ ላይ ማንም አይቀድማትም፤ በዚህስ አንቺን ነው የወጣችው። ወረቀት ላይ ግን አራተኛ ክፍል ደርሳ ፊደሉ ይምታታባታል፤ አንዷን መስመር እስክትጨርስ ላብ ያጠምቃታል። ልጆቹ ሲስቁባት ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ ማለት ጀመረች። በኋላም አልማርም ብላ ቁጭ አለች።

ሰፈሩ ሁሉ ምክንያቱን አወቅሁ አለ። እናቷ በበርታኛ፣ አባቷ በአማርኛ እያናገሯት ሁለቱ ተደባልቀውባት ነው አሉ። የቀድሞ አስተማሪዋም ይህንኑ ነገረን። ነዕማ ይህን ስትሰማ ማንም ሳያዛት ልጇን በቋንቋዋ ማናገር ተወች። የባለቤቴ አማርኛ ለገበያ ይበቃል እንጂ ልጅ ለማጫወት አይበቃትም። ብዪ፣ ነይ፣ ተኚ ትላታለች፤ ከዚያ ወዲያ ዝም ነው። ሳና እናቴ ተቀይማኛለች ወይ እያለች ትጠይቀኝ ነበር። እትዬ፣ ቤቴ እንደዚያ ከብዶኝ አያውቅም። ንባቡም ቢሆን ፈቅ አላለም።

አላህ ይስጣትና ዘንድሮ መምህርት ሐዊ ከባምባሲ ተዛውራ መጣች። መጀመሪያ ዓይኗን አስመርምሩ አለችን፤ ደኅና ነው ተባለ። ቀጥላ የበርታኛ አስተማሪውን ጁምዓን ጠርታ በበርታኛ አስነበበቻት። በዚያም ያው ናት። ያኔ አስቀምጣ አስረዳችን። ዲስሌክሲያ ይባላል፤ አንዳንድ ልጅ ፊደሉን ከድምፁ ማገናኘት ይከብደዋል፤ ስንፍናም አይደለም፣ የአእምሮ ማነስም አይደለም፣ ቋንቋ ስለበዛም አይመጣም አለች። ጨርሶ ባይጠፋም፣ በሚሆናት መንገድ ከተማረች ታነባለች አለችን።

ይኸው አሁን ፊደሉን አሸዋ ላይ በጣቷ እየጻፈች፣ ድምፁን ጮክ ብላ እየጠራች ትለማመዳለች። ፈተና ላይ ጊዜ ይጨመርላታል፣ አንዳንዱንም በቃል ትመልሳለች። ቀስ እያለች አንድ ገጽ ታነባለች። ጠዋት ሆዴን ማለቱም ቀርቷል።

እኔ ግን ሐዊን ከሁሉ በላይ የማመሰግናት በሌላ ነው። የዚያን ቀን ስለ ፈተናው ልጠይቅ ስል ነዕማ ቀደመችኝ። በቋንቋዬ ባናግራት አይጎዳትም ወይ አለቻት። ሐዊም እንዲያውም ተረቱንም ጨዋታውንም ጨምሪላት አለች። ነዕማ በሻሿ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። እኔም አልቻልኩም። ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ሳናን አቅፋ ሰፈር እስክንደርስ በበርታኛ አወራቻት። እኔ ግማሹ አልገባኝም፤ ሾፌሩ ግን የበርታ ልጅ ስለሆነ አብሯቸው ይስቅ ነበር።

ጋሽ እንድሪስን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ልጆቹን አንድ በአንድ ሰላም በይልኝ፤ ጎረቤቶቻችሁንም እንደዚሁ። ነዕማን በጣም ናፍቀሻታል። ሳና ደግሞ ሰላምታዋን በስልኬ በድምፅ ቀድታልሻለች፣ ግማሹ በበርታኛ ነው። ካልገባት ለእናቴ ትደውልላት፣ እናቴ አሁን ታወራለች ብላሻለች።

ወንድምሽ ጀዕፈር
አሶሳ፣ ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.