የጦስኙ ነገር እንደነገርኩሽ አይደለም

እታለሜ፣ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? አባባስ እንቅልፍ ይወስደዋል? ትንሿ እህታችን ትምህርቷን ይዛለች? እኔ እንዳለሁ አለሁ፤ ጤናዬ ደህና ነው፣ ወዜ ግን ከእናንተ ጋር ሳይቀር አልቀረም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ከዘጋሽብኝ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ስደውል አታነሺም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ነገ ጠዋት ወደ እናንተ የሚነሳው የጭነት መኪና ሹፌር እንዲያደርስልኝ ለመንኩት። እጅሽ ላይ ሳያኖር እንዳይመለስም አስምዬዋለሁ።

እንደምታውቂው ሥራዬ የላብራቶሪ ብልቃጥና ሳህን ማጠብ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ የማወራው ከቧንቧው ጋር ነው ብልሽ አላጋነንኩም። አለቃዬ፣ ጓንቷን አውልቃ አይቻት ስለማላውቅ በልቤ ጓንቴ የምላት ሴትዮ፣ ከዕፅዋት የሚወጣ ዘይት ጀርም ይገድል እንደሆነ ትመረምራለች። ለአባባ እግር ቁስል የምታፈዪውን የጦስኝ ውሃ በጠርሙስ ስትልኪልኝ፣ እየፈራሁ እስቲ ሞክሪልኝ አልኳት። እሺ አለችኝ። በሁለት ሳህን ጀርም ዘራችና በአንዱ ያንቺን ውሃ፣ በሌላው ራሷ ከጦስኝ ያወጣችውን ዘይት አደረገች።

ከሁለት ቀን በኋላ ጠራችኝና የዘይቱን ሳህን አሳየችኝ። ጀርሙ እንደ ሻጋታ ሞልቶታል፤ ዘይቱ ያረፈበት ቦታ ዙሪያውን ግን ንጹሕ ክብ ሆኖ ጠርቷል። ደስታዬን አልነግርሽም። ዓመት ሙሉ ከሰው ጋር ስቄ አላውቅም፣ እዚህ የምነግረው ሰው አጣሁና ከነሽርጤ ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ ላንቺ ደወልኩ። ጦስኝሽ ገደለው አልኩሽ።

ያንቺን ሳህን ግን ገና አላየሁም ነበር። በኋላ ሳየው ክብ የሚባል ነገር የለውም፤ ጀርሙ ውሃሽ መፍሰሱንም ልብ አላለውም። ጓንቴ እንዴት እንደምታፈዪው ጠየቀችኝ። ሳይከደን፣ ግማሽ እስኪቀር ነው፣ ሽታው ጎረቤት ድረስ ይሄዳል ብዬ ኮራሁባት። ሳቀች። የሚገድለው እኮ ያ የሚሸተው ነው፣ በመስኮት አውጥታችሁት ለአባታችሁ የቀረለት ውሃው ነው አለችኝ። እንግዲያው ዘይቱን ልላክለት፣ ስኳርም አለበት ስላት ግን ፊቷ ተለወጠ። ሳህን ላይ የገደለ ሁሉ ሰው አያድንም፣ ጥሬው ዘይት ሥጋ ያቃጥላል፣ የስኳር በሽተኛ እግር ደግሞ ቀልድ አያውቅም አለች።

ይህን ያኔውኑ ልነግርሽ ይገባ ነበር። አፈርኩ። ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ትደውዪልኝ ጀመር። ጎሽ የኔ ወንድም ስትይኝ ቀኑን ሙሉ ያንን ይዤ እውላለሁ። ያ እንዳይቀርብኝ ብዬ ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ። የአባባን የሐኪም ቀጠሮ በእኔ ቃል ተማምነሽ እንዳስቀረሽው፣ ጣቱም እንደጠቆረ የነገርሽኝ እሑድ ዕለት ነው። በቶሎ ውሰጂው ብልሽ «አንተው አይደለህ ገደለው ያልከኝ?» ብለሽ ዘጋሽብኝ። እውነትሽን ነው፣ እኔው ነኝ።

እባክሽ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ውሰጂው። አንቺ እንዳላጠፋሽ፣ ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ ለራሱ ንገሪው። ከዚያ ዓመት አኩርፊኝ። እችለዋለሁ አልልሽም፣ ግን አኩርፊኝ።

ትንሿን እህታችንን ጉንጯን ሳሚልኝ። ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ መኪና ካጣችሁ አባባን አዝሎ የሚያደርስ እሱ ነውና ወንድሜ፣ ከወንድም በላይ ነህ ብሎሃል በይው። ለአባባ እስከ ዛሬ ጉልበቱን ሳሚልኝ ነበር የምልሽ። አሁን ሳሚልኝ አልልሽም፤ እግሩን አድኚልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከብልቃጥ ማጠቢያው ክፍል
ሐሙስ፣ ኅዳር 11 ቀን