ከተንጠለጠለው ጨረቃ ሥር

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ፤ ጅዳ ላለሽው፣ ስልክ ለማታነሺው ለኔዋ ሰው።

እንዴት ነሽ? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ እንቅልፍሽስ? ሙቀቱ በረድ አለልሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሐይቅም ደህና ናት፤ ነፋሷ ብቻ ያው ከሰዓት በኋላ ይቀብጣል። ይህን የምታደርስሽ ወደዚያ የምትመጣው ራህማ ናት። የኔንም የአባትሽንም ስልክ አላነሳም ካልሽ ምን ላድርግ? ወረቀት እንደሆነ ፊቴ ላይ አይዘጋም።

አባትሽ በላክኋቸው ሽማግሌዎች ፊት "ልጄን ለግትር አልሰጥም" ካሉ በኋላ አንቺ ሁለታችንንም አኩርፈሽ ጅዳ ሄድሽ፤ እኔ ቀረሁ። አሁንም ግትር ነኝ፣ እንዲያውም ብሶብኛል። አሁንም የምፈልገው አንቺኑ ነው። ነገሩን ስሚኝና ፍረጂ።

መስጊዱ አልቆ የቀረው ሚናራው ጫፍ ላይ የሚቆመው ጨረቃ ብቻ ነበር። በክሬን የማወጣው እኔ ነኝ። ነፋሱ ሳይነሳ በጠዋት ጀመርን። ጀመዓው ወጥቷል፣ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም መጥተዋል፣ ከውጫሌ ድረስ የመጣም ነበር። ዙሪያውን በገመድ አጥሬዋለሁ። የሥራችን ደንብ ግልጽ ነው፤ ዕቃ ሲንጠለጠል ከሥሩ ሰው አይቆምም፣ ሼህ ይሁን ሹም። ምልክት ሰጪዬ ሽታው እጁን ሲያነሳልኝ ጨረቃውን ከመሬት አላቀቅኩት። ይኼኔ አባትሽ ገመዱን አልፈው ገቡልሽ! ጨረቃው በዱዓ ታጅቦ ነው መውጣት ያለበት ብለው፣ ስጋጃቸውን አንጥፈው፣ ልክ ከሥሩ ቁጭ! የኛን ሰው ታውቂው የለ፣ ዱዓ ካየ ይጠጋል፤ ከኋላቸው ተግተልትሎ ገባ።

ጨረቃውን ከሰዉ ራቅ አድርጌ ቀስ ብዬ አወረድኩት። ሞተሩን አጠፋሁ፣ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

ጉድ ፈላ! አባትሽ ከዘራቸውን እያወዛወዙ፣ ዱዓ እየተደረገ የክሬን ሽቦ ይበጠሳል ወይ፣ አንተ ዱዓ አቋራጭ፣ አሉኝ። አላህ ከገመዱ ወዲያም ሆነው ቢለምኑት ይሰማል አልኳቸው። ሰዉ ሳቀ፤ እሳቸው ባሰባቸው። ሌላ ኦፕሬተር ጥሩልኝ አሉ። ከየት ይመጣል!

ወርጄ ፊታቸው ቆምኩ። "ይህ ሽቦ ቢበጠስ ለልጅዎ ምን ብዬ ነው የምነግራት?" አልኳቸው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! ስምሽን አልጠራሁም፤ ያልገባው ግን አልነበረም።

አባትሽ ስጋጃቸውን አጣጥፈው ከገመዱ ወጡ፤ ሌላውም ተከተላቸው። ዱዓው ከወዲያ ማዶ ደረሰ፣ ጨረቃው ወጣ። ምንም አልወደቀም፣ አንድ ብሎን እንኳ። አንዳንዱ "ይኸው፣ ምን ሆነ?" ብሎ አሽሟጠጠኝ። አላፈርኩም። እንዳይወድቅ አድርጌ ነው የምሠራው፤ ቢወድቅም ሰው እንዳያገኝ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ብታዪ ሆድሽን ይዘሽ ትስቂ ነበር። ባለፈው የመስጊዱን የውኃ ታንከር ስናወጣ ለጉብኝት የመጡ ሹሞች ከሥሩ ሊያልፉ ሲሉ፣ አባትሽ ከዘራቸውን አንስተው "ውጡ! ዕቃ ተንጠልጥሎ የለም ወይ!" ብለው ገመዱን መልሰው አስዘለሏቸው። ሽታው ሥራዬን ነጠቁኝ እያለ ይስቃል።

ትናንት ደግሞ አባትሽ ክሬኑ ድረስ መጡ። ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ቤት ውስጥም እንዲህ ግትር ነህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። የማን ቤት አልኳቸው። እሱን ትተው፣ ራህማ መቼ ነው የምትሄደው አሉኝ።

ራህማ ከደብዳቤው ጋር የምትሰጥሽን ስጋጃ ታውቂዋለሽ፤ አባትሽ ከጨረቃው ሥር ያነጠፉት ነው። "የምሰግድበት እሱ ብቻ ነው፣ ልጄ በሰው እጅ እንዳትልክብኝ፣ ራሷ ይዛው ትምጣ" ብለዋል።

አብሽሪ፣ አይዞሽ። አላህ ከላይም ከሥርም ይጠብቅሽ፤ መንገድሽን ያሳጥረው።

ያው ግትሩ ሰውሽ፣
ከሐይቅ