ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ስለሚወጣው ቢጫ መስመር

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ የመኪናዎም መሪ ቀጥ ያለ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። በመዝገብ ቤትዎ በኩል ያስገባኋቸውን ሦስት ማመልከቻዎች ውሃ ስለበላቸው፣ አራተኛውን ሰው ሁሉ እንዲያነበው በግልጽ ደብዳቤ ብጽፍልዎ እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህርና የአንዲት አሮጌ ነጭ መኪና ባለቤት ነኝ። የትዳር ጓደኛዬ ኩላሊቶቿ ሥራ ስላቆሙ በየሳምንቱ ሰኞና ሐሙስ ሆስፒታል ሄዳ ደሟ በማሽን መታጠብ አለበት። አውቶቡስ ላይ ቆማ መሄድ አትችልም፤ መኪናዋ ደግሞ የእርስዎ ተለጣፊ ወረቀት መስታወቷ ላይ ከሌለ መንገድ መውጣት አትችልም። ጉዳዬ ይኸው ነው።

አንደኛ፣ ምስጋና። ከሁለት ወር በፊት ለዓመታዊ ምርመራ ስመጣ መኪናዬ እስከ በርዎ ድረስ ቀጥ ብላ ነው የመጣችው። ከበርዎ እስከ መመርመሪያው ባለው ሠላሳ እርምጃ ውስጥ ግን ወደ ቀኝ መጎተት ጀመረች፤ መርማሪዎም ሳይውል ሳያድር ደረሰባትና «ወደ ቀኝ ትጎትታለች» ብሎ ውድቅ አደረጋት። በሽታን በያዘበት ደቂቃ የሚያገኝ መሥሪያ ቤት በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

ሁለተኛ፣ የሰፈራችን መካኒክ፣ ጎማ እየዳሰሰ በሽታ ስለሚያውቅ «መዳፍ» የምንለው ሰው፣ ሙሉ ቀኑን ሰውቶልኛል። መጀመሪያ የጎማዎቹን አየር ለካ፤ እኩል ነው። የፊቶቹን ጎማዎች ግራና ቀኝ አቀያየረና ነዳት፤ አሁንም ወደ ቀኝ። ፍሬኑ ይዞ እንደሆነ ብሎ ትንሽ ነድቶ ሲመለስ ሁለቱንም ጎማ በመዳፉ ዳሰሰ፤ ሁለቱም ቀዝቃዛ። በመጨረሻ በክሪክ አንስቶ ከሥሯ ገባና የቀኝ ጎማውን ከሥር የሚይዘው ብረት ታጥፎ አገኘው። ከወጣ በኋላ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ጋሼ፣ የት ጉድጓድ ነው የገባኸው ብሎ ጠየቀኝ። ብረቱን ቀይሮ፣ የጎማዎቹን አቅጣጫ በክር ለክቶ ሲያስተካክልልኝ ሰተት ብላ ሄደች፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ደስታዬም እርስዎ በር እስክደርስ ቆየ።

ሦስተኛ፣ ስለዚያው ጉድጓድ። ክቡርነትዎ በጓሮው በር ስለሚገቡ አላዩት ይሆናል። በዋናው በር ወደ ውስጥ የሚወስድ ቢጫ መስመር አለ፤ ግድግዳዎ ላይ የተለጠፈው ደንብ ደግሞ የቀኝ ጎማ ከዚህ መስመር እንዳይወርድ ያዛል። መስመሩ መሐል ላይ ግማሽ ጎማ የምትውጥ ጉድጓድ አለች። መስመሩን ያሰመረው ሠራተኛ ግን የሚያስመሰግን ታማኝ ሰው ነው፤ ጉድጓዷ ዘንድ ሲደርስ አልዘለላትም፣ አልዞራትም፣ ብሩሹን ይዞ ውስጧ ገብቶ በወዲያኛው በኩል ወጥቷል። ቢጫው እስከ ታች ድረስ ይታያል።

አራተኛ፣ እኔም ደንብ አክባሪ ነኝና ለሁለተኛ ጊዜ በመስመሩ ሄጄ ብረቱን አጠፍኩት፤ ወደቅሁ። በሦስተኛው ጊዜ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ጉድጓዷን በግራ በኩል አለፍኳት፤ «መስመር መጠበቅ አትችልም» ተብላ ወደቀች። መርማሪዎ ጥሩ ልጅ ነው፣ ወደ መስኮቴ ጎንበስ ብሎ፣ አባቴ፣ እኔ የራሴን መኪና ውጭ ነው የማቆማት ብሎ አንሾካሾከልኝ። አራተኛው ጊዜ እንዴት እንደሆነ እንዳልነግርዎ፤ መዳፍ ሲያየኝ ክሪኩን አወጣ።

አምስተኛ ልል ነበር፤ ቁጥሩ ይቅርብኝ። ባለፈው ሐሙስ ወደ ሆስፒታል ስንሄድ ትራፊክ ፖሊስ ተለጣፊ የላችሁም ብሎ አቆመን። እሱም ሥራውን ነው የሠራው። ታክሲ አግኝተን እስክንደርስ የማሽኑ ተራ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር፤ ለዚያ ሰውም ክፉ አልመኝም። ባለቤቴ ሳትታጠብ ተመለሰች። በማግስቱ እግሯ አብጦ ጫማዋ አልገባ ሲላት የእኔን ነጠላ ጫማ አጠለቀች። እሷ እንኳ ሳቀችብዎ እንጂ አልረገመችዎትም፤ ከጎኔ በቀኝ ስለምትቀመጥ፣ በዕድሜዬ ወደ እኔ ያደላ ነገር ያየሁት ይህቺን መኪና ብቻ ነው ትላለች። እኔ ግን ፈርቻለሁ፣ ጌታዬ። ሌሊት ትንፋሿን እያዳመጥኩ ነው የማድረው።

የምለምንዎ አንድ ባልዲ ጠጠር ብቻ ነው። ባልዲውም ጠጠሩም ከእኔ ይሁን፤ ጉድጓዱን እስካሁን ያልደፈንኩት ዘበኛዎ፣ ያለ ደብዳቤ የመንግሥት ንብረት አይነካም ስላለኝ ነው። ይደፈናል ብዬ አይደለም የምጽፈው፤ ዝም ማለት ስላቃተኝ ነው።

በትዕግሥትዎ ታላቅነት እየተደነቅሁ፣ ከመስመርዎ ላለመውጣት ስል ከመንገድ የወጣሁት፣ ዘወትር ታዛዥዎ፣
የነጯ መኪና ባለቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ላስገባልዎ ስመጣ ሠራተኞችዎን ከጉድጓዷ ዙሪያ ተሰብስበው አየሁና፣ አልዋሽዎትም፣ እንባዬ መጣ፤ አምቼዎት ነበርና ይቅርታ ልጠይቅ ተጠጋሁ። መስመሩን እያደሱት ኖሯል። ጉድጓዷ ውስጥ ያለውን ሁለት ጊዜ ደርበው ቀብተውታል። ቀለሙ እስኪደርቅም ምርመራ እስከሚቀጥለው ዓርብ እንደማይኖር በርዎ ላይ ለጥፈዋል። እስከዚያ አንድ ሰኞና አንድ ሐሙስ አሉ።