ለአቶ ወልዴ፣ ስለ ተቆለፈበት ክላርኔት

ለክቡር አቶ ወልዴ፣
የ«ጥንቅሽ» ኪነት ማዕከል ሥራ አስኪያጅ፣
መርሳ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ከወገብዎ ለማይለየው የመጋዘን ቁልፍም ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ የማዕከሉ ክላርኔት ነፊ ቡርቱካን ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው።

አንደኛ፣ ለአዲስ አበባው የሙዚቃ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ዓመቱን ሙሉ ያጠናሁትን፣ ያለ አጃቢ ለአንድ ክላርኔት ብቻ የተጻፈ አዲስ ሥራ፣ የማዕከሉን ክላርኔት ይዤ ለመሄድ ፈቃድ በጠየቅሁ ጊዜ ከነኮሚቴዎ ተቀምጠው ስለሰሙልኝ አመሰግናለሁ። ምት የሌለውን ሙዚቃ በጭብጨባ ለማጀብ ያደረጉትን ተጋድሎ አልረሳውም። መሃል ላይ ያለው ረጅም ዝምታ ማብቂያው መስሎዎት ምርቃት ሲጀምሩ፣ በምርቃቱ ላይ መንፋቴን በመቀጠሌ ይቅርታ ይደረግልኝ።

ሁለተኛ፣ «ትዝታ ነው፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይስ አንቺሆዬ?» ተብዬ ስጠየቅ ከአራቱም አይደለም ማለቴ ጥፋቴ ነው። የወሎ ልጅ ቅኝት የሌለው ነገር ነፋች ተብሎ ማዕከሉ እንዳይታማ መጨነቅዎ ይገባኛል።

ሦስተኛ፣ በአንድ ትንፋሽ ሁለት ድምፅ አንድ ላይ ማውጣት ከንፈሬ እስኪደማ የተማርኩት ነገር ሲሆን፣ ኮሚቴው ግን ሰምቶ «ክላርኔቱ ተሰንጥቋል» ሲል ወሰነ። አለመሰንጠቁን ለማሳየት ደግሜ ብነፋው ስንጥቁ ሰፍቷል ተባለ። ስለዚህ ጠጋኝ እስኪመጣ መጋዘን ገብቶ ተቆለፈበት፤ ጠጋኙ ከየት እንደሚመጣ ግን የሚያውቅ የለም። አበላሽቼ ነፍቼው ቢሆን ኖሮ ዛሬ በእጄ ነበር።

አሁን ጣቶቼን በማማሰያ እንጨት ላይ አለማምዳለሁ፤ በመስኮቴም የሚያልፉትን አውቶቡሶች አያለሁ። የራሴ መሣሪያ የለኝም፤ እስከ ወልዲያ ድረስ ጠይቄ የሚያውሰኝ አላገኘሁም፤ ለከርሞ እንዳልል የመግቢያው ዕድሜ ያልፈኛል። እውነቱን ልንገርዎት፣ ክቡር አቶ ወልዴ፣ ታፍኛለሁ።

ማዕከሉ ለልጆቹ ስለሚያደርገው ጥበቃ ውለታውን መመለስ ካቃታት፣ በየትም አቅጣጫ መንቀሳቀስ ካልቻለችውና ስለዚህም ሁልጊዜ ከሚያገኟት አክባሪዎ፣

ቡርቱካን ዓሪፍ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ ትእዛዝዎ ደረሰኝ። ቅዳሜ ማለዳ ውርጌሳ መንገድ ዳር ቆሜ እንግዶችን በክላርኔት እንድቀበል፣ የተሰነጠቀው ክላርኔትም ለዕለቱ ከመጋዘን እንዲወጣልኝ አዝዘዋል። ፈተናዬ ቅዳሜ ማለዳ ነው።