ዘርፋፋው ኮት

ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? የእማማ ጉልበት ከደረጃው ጋር ታረቀ ወይ? ባለቤትሽና ድንቡሼ ልጅሽስ ደህና ናቸው? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ አጎንብሼ እየዋልኩ ወገቤን በምን አፌ እወቅሰዋለሁ?

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። ለአባባ የሰፋሁትን ኮት መቀበላችሁን ነግረሽኝ፣ «ትንሽ ዘርፋፋ ሆነባቸው እንጂ ያምራል» ብለሻል። እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ተናደድኩ። እዚህ ስፌት ቤት ይህ ቃል ስድብ ነው። አለቃችን አንድ ልብስ አንስተው «ለቀቅ ያለ ነው» ካሉ ምስጋና ነው። «ሰፍቷል» ካሉም ግድ የለም፣ ይጠባል። «ዘርፋፋ» ካሉ ግን ትከሻው ወርዷል፣ እጅጌው ጣት ውጧል፣ ሰውየው ልብሱ ውስጥ ጠፍቷል ማለት ነው። ያን ቀን ምሳ አይወርድልኝም።

ብድግ ብዬ የልክ ደብተሬን ገለጥኩ። ከመምጣቴ በፊት፣ አባባ «አትኮርኩረኝ!» እያሉ ሲስቁ፣ በገዛ እጄ ለክቻቸዋለሁ። ትከሻ አርባ ስምንት፣ ደረት መቶ አሥር። ኮቱን ሳልልከው አለቃችንም በሜትር ፈትሸውታል፤ ከልኩ ንቅንቅ አላለም።

እህቴ፣ ሰው ትንሽ ቢከሳ ኮት ይሰፋዋል እንጂ ትከሻው አይወርድበትም። እዚያ ለመድረስ ስንት ኪሎ መጉደል እንዳለበት ከሥራዬ አውቃለሁ። ባለፉት ሦስት ደብዳቤዎችሽ «አባባ ደህና ናቸው» ብለሽ ወደ ሌላ ወሬ ትሻገሪ ነበር፤ እኔ ሞኙም አመንኩሽ። እንዳልጨነቅ ብለሽ ነው። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማሽም? ፈርቻለሁ። ምን እንዳመማቸው፣ ሐኪሙ ምን እንዳለ፣ እህል ይቀምሱ እንደሆነ ሳትሸፋፍኚ ጻፊልኝ። አለቃችንን ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ በሚመጣው ወር መጨረሻ እመጣለሁ።

ኮቱን ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስደሽ ልታስጠብቢው እንደሆነ ጽፈሻል። እባክሽ መቀስ እንዳይነካው።

የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ። ባለቤትሽን፣ ያ የሰጠኝ ጃንጥላ እስካሁን አልተሰበረም በይልኝ። ድንቡሼን ጉንጯን ቆንጥጪልኝ፣ እንዳታለቅስ ብቻ። አባባን ደግሞ እንዲህ በያቸው፦ ኮቱ ልክ ነው፣ ልጅዎ አልተሳሳተም። ሜትሩን ይዞ እየመጣ ነው፤ እስከዚያ ይብሉና ይሙሉት።

ወንድምሽ
ከስፌት ቤቱ፣ ኅዳር 9 ቀን