በቀይዋ መብራት ጉዳይ ለቀኛዝማች ደረሰ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ቀኛዝማች ደረሰ፣
የወረታና የባሕር ዳር አውቶቡስ ባለንብረት፣ እንዲሁም የአጥቢያችን ዳኛ፤

ክረምቱን እንዴት ከረሙ? ቤትዎ፣ ከብትዎ፣ ከሁሉም በላይ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ ተሳፋሪዎችዎ፣ ማለትም የተረፍነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ይህን ደብዳቤ በገበያው ዋርካ ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ክስ ላቀርብ ተነሥቼ ዳኛው እርስዎ ራስዎ መሆንዎን ባስታውስ፣ በራስዎ ላይ ከመፍረድ ድካም ላሳርፍዎ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ መብራቷ አመሰግናለሁ። ከመሪው ፊት ለፊት የምትበራው ቀይ መብራት የሞተሩ ዘይት ሲጎድል የምታስጠነቅቅ መሆኗን ሹፌርዎ ካሴ ነግሮናል። ከሰኔ ጀምሮ ጠፍታ አታውቅም። ካሴ ዘይቱ የሚያፈስበት ቦታ እንዲጠገንለት ደጅዎ ቆሞ ቢለምንዎ፣ «መብራቷ ሥራዋን ትሥራ፤ አንተም ሥራህን ሥራ» ብለው እንደመለሱለት ሰምተን በብልኅነትዎ ተደንቀናል። ተሳፋሪ እንዳይረበሽ በማሰብም ቁራጭ ቆዳ አስለጠፉባት። ይሁን እንጂ በቆዳው ጠርዝ ቅላቷ እንደ ፍም ይታይ ነበር፤ ከኋላ የተቀመጠው እንኳ አንገቱን እያሰገገ ያያት ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ነሐሴው ጉዞ። ባለቤቴ እማዋይሽ ምጥ ጠንቶባት፣ አዋላጆቹም ከአቅማችን በላይ ነው ስላሉኝ፣ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ላደርሳት ተሳፈርን። ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ አላባራም፤ የጉማራ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ሁሉ ሐይቅ መስሏል። ቁሐር ሚካኤል ልንደርስ ስንል ከሞተሩ ውስጥ ብረት በብረት የሚቀጠቅጥ ድምፅ ተሰማ። ካሴ መኪናውን ሊያቆም አሰበ፤ ነገር ግን ውሃው መንገዱን መሸፈን ጀምሮ ነበርና፣ እዚህ ከቆምን ጎርፍ ይወስደናል ብሎ ነዳ። ጥቂት እንደሄድን ሞተሩ ጮኸና ተጣብቆ ቀረ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የዝናቡና የእማዋይሽ ድምፅ ብቻ ነበር።

ውሃው በደረጃው ወጥቶ ወለሉን ሲያጥለቀልቀው ሁላችንም ወንበር ላይ ወጣን። የማላውቃቸው ሴቶች ነጠላቸውን ዘርግተው ባለቤቴን ጋረዷት። ትሁን የምትባል የቁሐር ሴት ከወንድሞቿ ጋር ታንኳ እየገፋች ባትደርስልን ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልዎ ሰው አይኖርም ነበር። ልጁ የተወለደው በትሁን ቤት ነው። ወንድ ነበር። አላለቀሰም። እማዋይሽ፣ «ለምን ዝም አለ?» እያለች ደጋግማ ጠየቀችኝ። ዛሬም ትጠይቀኛለች። መልሱን ምናልባት ዳኛ ያውቀው ይሆናል ብዬ ጥያቄዋን ወደ ክቡርነትዎ አስተላልፌአለሁ።

ሦስተኛ፣ ፈጣን ስለሆነው ፍርድዎ። ሞተር አቃጠልህ ብለው ካሴን ገና ልብሱ ሳይደርቅ አሰናበቱት። አውቶቡሱ ጎንደር ተጠግኖ ሲመለስ ከሁሉም ቀድሜ ልመርቅ ሄድኩ። አዲሱ ሹፌር አበረ ሞተሩን ሲያስነሣ ያችው መብራት በራች፤ ጥቂት ቢጠብቅም አልጠፋችም። ደንግጦ ቢያመለክትዎ አምፖሏን አስነቅለው ገላገሉት። እነሆ አሁን ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ ጨለማ ነው፤ አበረም እያፏጨ ይነዳል። ከመኪናው ሥር ግን፣ በቆመበት ሁሉ፣ መሬቱ ይጠቁራል።

በመጪው እሑድ አውቶቡሱ የጣራ ገዳም ተሳላሚዎችን ጭኖ ዳገቱን እንደሚወጣ በገበያ ተለፍፏል። ሕፃናት በነፃ ይሳፈራሉ መባሉን ስሰማ ቸርነትዎን ሄጄ ለእማዋይሽ ነገርኳት። ቁሐር ላይ ታንኳ ደርሶልናል፤ በዚያ ገደል አፋፍ ግን ታንኳ የሚደርስ አይመስለኝም። ስለዚህ እኔና እማዋይሽ እሑድ ማለዳ ከአውቶቡሱ በር ላይ እንቆማለን። ማንንም አንከለክልም። ልጅ ያዘለች እናት ስትመጣ ብቻ እማዋይሽ የደረሰባትን ትነግራታለች። ከዚያ መሳፈር የእናቲቱ ፈቃድ ነው።

ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ፍርድዎን እስኪያዩት ድረስ ያቆይዎ ብዬ፣ ከወንበርዎ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ ደብዳቤዬን እዘጋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ሸማኔው አያልነህ ቢሻው
ወረታ፣ መስከረም ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ባለፈው ቅዳሜ ባለቤትዎ እመት ሸዋዓለም ከልጆችዎ ጋር ወደ ባሕር ዳር ሲሄዱ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። አውቶቡስዎ ባዶ ወንበር ይዞ በአጠገባቸው አለፈ። እርሳቸው በበቅሎ ነበሩ።